የቀለም ሪባኑ ዋጋ

ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት ወጣቶች መብራት አጥፍተው፣ በቴሌቪዥን ፊት ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይጫወቷቸው የነበሩት የፍርሃት ጨዋታዎች ዛሬ በሁለት መዳፍ መካከል ገብተዋል። ያን ጊዜ ወጣት የነበረው ትውልድ አሁን ሠራተኛ፣ ወላጅ፣ ትርፍ ሰዓቱን ቆጥሮ የሚያወጣ ሰው ሆኗል። ቴሌቪዥኑ የቤተሰቡ ወይም የጋራው ክፍል ነዋሪዎች ሁሉ ስለሆነ፣ በእጅ የሚያዘውን ትንሽ መሣሪያ ከፍቶ፣ ማዳመጫውን በጆሮው ላይ አድርጎ፣ በወጣትነቱ ያስደነገጠውን ያንኑ አሮጌ ቤት እንደገና ያንኳኳል። እዚያ የሚጠብቀው ትዝታ ብቻ ነውን? ወይስ ከትዝታ የሚበልጥ ነገር አለ?

የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው። እነዚህ አሮጌ ጨዋታዎች ከትዝታ የሚበልጥ ነገር ይዘዋል፤ እርሱም ጥቂት ብቻ ያለው ሰው ያንን ጥቂት እንዴት እንደሚያወጣ የሚጠይቅ ጥያቄ ነው። በእጅ የሚያዘው መሣሪያም ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማደሪያ ሆኗል። ይሁን እንጂ የዛሬው ዘመን ከጨዋታው ጋር አንድ ፈተና አብሮ ያቀርባል፤ ይኸውም የተደረገውን እንዳልተደረገ አድርጎ ወደ ኋላ የመመለስ ምቾት ነው። በዚህ ምቾት እየታገዘ የተጓዘ ሰው ጨዋታውን ቢጨርሰውም ተጫውቶታል ለማለት ይከብደኛል። ምክንያቱን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

ማሸነፍ ሳይሆን መትረፍ

ይህ የጨዋታ ዓይነት «ሰርቫይቫል ሆረር» ይባላል፤ በእኛ አነጋገር በፍርሃት መካከል ሕይወትን ማትረፍ ማለት ነው። ስሙ ራሱ ምስጢሩን ይገልጣል። በአብዛኞቹ ጨዋታዎች ተጫዋቹ ጠላትን ለመደምሰስ ይገባል፤ በዚህኛው ግን በሕይወት ለመውጣት ይገባል። ጥይቱ ጥቂት ነው፤ መድኃኒቱ ጥቂት ነው፤ መንገዱ አይታወቅም። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች ከሚገድለው ይልቅ አልፎት የሚሄደው ይበዛል።

የዘር ሐረጉ ሲቆጠር ሁለት አባቶች ይጠቀሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጃፓኑ ካፕኮም ኩባንያ በቶኩሮ ፉጂዋራ መሪነት «ስዊት ሆም» የተባለ ጨዋታ ለኔንቲዶ ፋሚኮም አወጣ። አምስት ሰዎች መንፈስ ወደ ሰፈነበት ቤት ይገባሉ፤ እያንዳንዳቸው መሸከም የሚችሉት ዕቃ ውስን ነው፤ ከመካከላቸው የሞተ ደግሞ አይመለስም። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የፈረንሳዊው ፍሬደሪክ ሬናል ሥራ «አሎን ኢን ዘ ዳርክ» ነው። በእጅ የተሣሉ የክፍል ምስሎች፣ ከአንድ ጥግ የማይነቃነቅ ካሜራ፣ በዚያ ምስል ላይ የሚንቀሳቀስ አንድ ብቸኛ ሰው፤ ለተከታዮቹ ሁሉ መንገድ የጠረገው ይህ አቀራረብ ነበር።

በመጋቢት 1996 (እ.ኤ.አ.) በሺንጂ ሚካሚ መሪነት በጃፓን «ባዮሃዛርድ»፣ በሌላው ዓለም «ሬዚደንት ኢቭል» ተብሎ የታወቀው ጨዋታ ለፕሌይስቴሽን ወጣ። ሥራው ሲጀመር የታሰበው «ስዊት ሆም»ን እንደገና ለመሥራት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ኮናሚ የኬይቺሮ ቶያማን «ሳይለንት ሂል» አቀረበ። የመጀመሪያው የቤት ፍርሃት ነው፤ በሩ፣ ደረጃው፣ መተላለፊያው። ሁለተኛው የልብ ፍርሃት ነው፤ ሃሪ ሜሰን የተባለ ደራሲ የጠፋች ልጁን ሼሪልን በጭጋግ በተዋጠች ከተማ ውስጥ ይፈልጋል። ወታደር አይደለም፤ ሲሮጥ ይደክመዋል፤ ሲተኩስም ይስታል። ኃይሉ ሁሉ የአባትነት ጭንቀቱ ነው።

እጥረት እንዴት ጥበብ ሆነ

የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ዋና የማስታወስ አቅም 2 ሜጋባይት ብቻ ነበር። በዛሬ ስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። በዚህ ጠባብ ቦታ ውስጥ አንድ ትልቅ ቤት ከነዕቃው፣ ከነጥላው፣ ከነፍጡራኑ ማኖር አይቻልም ነበር። ሠሪዎቹ ግን ከእጥረቱ ጋር አልተጣሉም፤ ተባበሩት።

ክፍሎቹን አስቀድመው እንደ ሥዕል አዘጋጁና ካሜራውን በአንድ ጥግ ላይ ተከሉት። ከዚህም የተነሣ ተጫዋቹ ከመታጠፊያው በስተጀርባ ያለውን አያይም፤ ይሰማል እንጂ። የእግር መጎተት ይሰማዋል፤ ጩኸት ይሰማዋል፤ ምን እንደሆነ ለማየት ግን እግሩን ማንሣት አለበት። መሣሪያው ቀጣዩን ክፍል ከሲዲው እያነበበ ሳለ ደግሞ በጥቁር ስክሪን ላይ ቀስ ብሎ የሚከፈት በር አሳዩት። ጊዜ ለመሙላት የተበጀው ያ በር የፍርሃቱ ዋና ደጃፍ ሆነ፤ ሰው በሩ እስኪከፈት ድረስ በሐሳቡ የማይፈጥረው አስፈሪ ነገር የለምና። በ«ሳይለንት ሂል»ም እንዲሁ ነው። መሣሪያው የከተማዋን ሩቅ ክፍል መሣል ስላልቻለ በጭጋግና በጨለማ ሸፈኑት፤ ለሃሪም ፍጡር ሲቀርብ የሚንሻሻ ትንሽ ራዲዮ በኪሱ አኖሩለት። ጭጋጉ ዓይንን ከለከለ፤ ራዲዮው ጆሮን አነቃ።

ይህ ጭጋግ የመሣሪያ ድካም መሸፈኛ ብቻ እንዳልነበረ በኋላ ታየ። የ2001 (እ.ኤ.አ.) «ሳይለንት ሂል 2» ከተከታዩ ክፍል ጋር በ2012 ለአዳዲስ መሣሪያዎች ታድሶ ሲወጣ ጭጋጉ ሳሳ፤ ተደብቀው የነበሩ የዓለሙ ጠርዞችም ገሐድ ወጡ። ተጫዋቾች ቅሬታ አሰሙ። ምስሉ ጠርቶ ሳለ ከተማዋ ግን ከተማ መሆኗ ቀረ። ማሻሻል የተባለ ሁሉ ማሻሻል እንዳልሆነ ይህ ምሳሌ በቂ ነው፤ ወደ ዋናው ነጥባችን ስንደርስ እንመለስበታለን።

ከሁሉ በላይ ግን እጥረቱ የገባው በተጫዋቹ እጅ ነው። በ«ሬዚደንት ኢቭል» ጂል ቫለንታይን ስምንት ዕቃ ብቻ ትይዛለች፤ ክሪስ ሬድፊልድ ስድስት ብቻ። ሽጉጥ አንድ ቦታ ይወስዳል፤ ጥይቱ ሌላ፤ ቁልፉ ሌላ፤ የሚፈውሰው ቅጠል ሌላ። የሚተርፈው ባዶ ቦታ ሲቆጠር ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ይታወቃል። ሁሉን ይዞ የሚወጣ ሰው በመንገድ ያገኘውን ማንሣት አይችልም፤ ባዶ እጁን የወጣ ደግሞ ላይመለስ ይችላል። ሻንጣ አዘጋጅቶ የሚያውቅ፣ በሚዛን ላይ የቆመን ሻንጣ ከፍቶ ይህ ይቅር፣ ይህ ይሂድ ብሎ የሚያውቅ ሰው ይህን ስሌት ያለ አስተማሪ ይረዳዋል።

ከዚያም የጽሕፈት መኪናው አለ። ተጫዋቹ የደረሰበትን ደረጃ መዝግቦ ማስቀመጥ የሚችለው በተወሰኑ ክፍሎች ውስጥ ባለ የጽሕፈት መኪና ብቻ ነው፤ መኪናው ደግሞ የቀለም ሪባን ይፈልጋል፤ ሪባኑም እንደ ጥይቱ ጥቂት ነው። እያንዳንዱ ምዝገባ አንድ ሪባን ይበላል። ስለዚህ ተጫዋቹ በየጊዜው ራሱን ይጠይቃል፤ አሁን ልመዝግብ ወይስ ትንሽ ልራመድ? እስካሁን ያገኘሁት አንድ ሪባን የሚያወጣ ነውን? ደግሞስ ከዚህ በኋላ ብወድቅ ከየት እጀምራለሁ?

እነዚህ ክፍሎች ለብቻቸው ሊወሱ ይገባቸዋል። በሩ ሲከፈት ሙዚቃው ይለወጣል፤ ለስላሳ፣ ጥቂት ኀዘን ያለበት ዜማ ይመጣል። ማንም አያሳድድም። ሣጥኑ አለ፤ የጽሕፈት መኪናው አለ፤ ትንፋሽ አለ። በአገራችን በምሽት እሳት ዙሪያ የጅብና የጭራቅ ተረት ሲነገር ልጁ የሚፈራው በአያቱ ጉልበት ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ፍርሃቱ የሚጣፍጠው ጉልበቱ ስላለ ነው። የጨዋታው የዕረፍት ክፍልም እንደዚያ ጉልበት ነው። ሆኖም ዋጋ የሚኖረው ከእርሱ ውጭ ያለው መተላለፊያ በእውነት የሚያስፈራ ሲሆን ብቻ ነው።

ወደ መዳፍ የተደረገው ጉዞ

ይህን ዓለም በእጅ መሣሪያ ውስጥ ለማኖር የተደረገው ጥረት ከፕሌይስቴሽን ዘመን ጀምሮ ነው። የመጀመሪያውን «ሬዚደንት ኢቭል» በጌም ቦይ ከለር ላይ ለማውጣት የተጀመረው ሥራ ተሰርዞ ቀረ፤ በምትኩ እ.ኤ.አ. በ2001 «ሬዚደንት ኢቭል ጋይደን» የተባለ ሌላ ታሪክ ለዚያው መሣሪያ ወጣ። በዚያው ዓመት ጃፓን ውስጥ የ«ሳይለንት ሂል» ታሪክ በጌም ቦይ አድቫንስ ላይ በሚነበብ ጽሑፍ መልክ ቀረበ። እነዚህ መንፈሱን የፈለጉ፣ አካሉን ግን መሸከም ያልቻሉ ሙከራዎች ነበሩ።

አካሉ የገባው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር «ዴድሊ ሳይለንስ» በሚል ስም በኔንቲዶ ዲኤስ ላይ ወጣ። በውስጡ ሁለት መንገድ ነበረው፤ አንዱ የጥንቱን ሥርዓት የሚጠብቅ፣ ሌላው በሚነካው ስክሪን አዳዲስ እንቆቅልሾችን የጨመረ። ከሁለቱ ስክሪኖች በላይኛው ካርታው ዘወትር ይታይ ነበር። ይህ ጠቃሚ ይመስላል፤ ጠቃሚም ነው፤ ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ መጥፋት ራሱ የጨዋታው ክፍል ስለነበር ካርታው ከፍርሃቱ ላይ ጥቂት ቀንሷል።

ቀጥሎ የፕሌይስቴሽን ፖርታብል መጣ። ስክሪኑ ወርዱ 480፣ ቁመቱ 272 ነጥብ ነበር፤ በዚህም ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 «ሳይለንት ሂል ኦሪጂንስ» ወጣ፤ የጥንቶቹ የፕሌይስቴሽን ጨዋታዎችም ከመደብሩ እየተገዙ ይጫወቱበት ጀመር። ኔንቲዶ ስዊች በ2017 ከወጣ በኋላ ደግሞ የ2002ቱ የመጀመሪያው «ሬዚደንት ኢቭል» ዳግም እትም በ2019 ወደ እርሱ ደረሰ። በ2022 ስቲም ዴክ ሲጨመር የኮምፒውተር እትሞች ሁሉ ወደ መዳፍ ገቡ ማለት ይቻላል።

ትንሹ ስክሪን ለእነዚህ ጨዋታዎች ያደላል። በ1990ዎቹ የተሠሩት ብዙውን ጊዜ 320 በ240 ነጥብ በሆነ ምስል ስለሆነ በሰፊ ቴሌቪዥን ላይ ሲዘረጉ ይበጣጠሳሉ፤ በትንሽ ስክሪን ላይ ግን ይሰበሰባሉ፤ የተሣሉት ክፍሎችም እንደ ድንክዬ ሥዕል ይጠራሉ። ማዳመጫው ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ድምፅ ማጉያ የማይገኝ ቅርበት ይሰጣል። የአኪራ ያማኦካ የ«ሳይለንት ሂል» ድምፆች፣ የብረት ፍጭርጭታውና የሩቁ ጩኸት፣ በጆሮ ውስጥ ሲገቡ ክፍሉ ምንም ያህል ሰው ቢኖርበት አንድ ሰው ብቻውን ይቀራል።

ጉድለቱም መነገር አለበት። ጨለማን የሚወድ ጨዋታ በብርሃን ውስጥ አይታይም፤ በቀን መስኮት አጠገብ የሚጫወት ሰው ከጠላት ይልቅ የራሱን ፊት በመስታወቱ ላይ ያያል። በጨዋታው ውስጥ የሚገኙ ደብዳቤዎችና የዕለት ማስታወሻዎች ፊደላቸው ሲያንስ ዓይን ያደክማሉ፤ ታሪኩ ደግሞ አብዛኛው የሚነገረው በእነርሱ ነው። ስለዚህ ጊዜው ምሽት፣ ብርሃኑ ደብዛዛ፣ ንባቡም ያለ ጥድፊያ ቢሆን ይመረጣል።

ማስተኛት እና ማጠንጠን

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። የዛሬው የእጅ መሣሪያና በውስጡ አሮጌ ጨዋታዎችን የሚያስኬዱ ፕሮግራሞች በአንድነት ሦስት ነገር ያቀርባሉ። የመጀመሪያው ማስተኛት ነው፤ አንድ ቁልፍ ሲጫን መሣሪያው ያንቀላፋል፤ ሲቀሰቀስ ካቆመበት ይቀጥላል። ሁለተኛው በማንኛውም ቅጽበት ያለውን ሁኔታ ቀድቶ ማስቀመጥ ነው። ሦስተኛው እንደ ካሴት ወደ ኋላ ማጠንጠን ነው፤ ከተሳሳትክ አሥር ሴኮንድ ተመልሰህ ስሕተቱን ትሰርዛለህ። ሦስቱም የምቾት ወንድማማቾች ይመስላሉ። የመጀመሪያው ግን ከሁለቱ ጋር ዝምድና የለውም።

አንድ መተላለፊያ እናስብ። መጨረሻው ላይ በር አለ፤ በመካከሉ አንድ የሞተ ሰው ቆሞ ይወዛወዛል። በሽጉጡ ውስጥ ስድስት ጥይት ቀርቷል። ብትተኩስ መንገዱ ይጠራል፤ ጥይቱ ግን ያልቃል። ብትሮጥ ጥይቱ ይተርፋል፤ ነገር ግን ሊነክስህ ይችላል፤ ከተነከስህም ቅጠል ያስፈልግሃል። የመጨረሻውን ምዝገባ ያደረግኸው ከሃያ ደቂቃ በፊት ነው። ጨዋታው ያለው በዚህ ቅጽበት ውስጥ ነው። የሞተው ሰው ምስል ዛሬ ማንንም አያስደነግጥም፤ የሚያስደነግጠው ሃያው ደቂቃ ነው።

ማስተኛት ከዚህ ቅጽበት ምንም አይቀንስም። ተጫዋቹ በመተላለፊያው ጫፍ ላይ መሣሪያውን አስተኝቶ ሥራ ውሎ ቢመለስ ያው ስድስት ጥይት፣ ያው የሞተ ሰው ይጠብቁታል። እንዲያውም ጥያቄው ቀኑን ሙሉ አብሮት ይውላል። ማጠንጠን ግን ቅጽበቱን ባዶ ያደርገዋል። ይተኩሳል፤ ካልወደደው ይመልሳል፤ ይሮጣል፤ ከተነከሰ ይመልሳል፤ ሳይነከስ ያለፈበትን አንዱን ዕድል እስኪያገኝ ይደጋግማል። በመጨረሻ ጥይቱም ቅጠሉም ሪባኑም በሣጥን ተከምረው ይቀራሉ። የዕረፍት ክፍሉ ሙዚቃ ሲመጣ የሚያሳርፈው ሰው የለም፤ የደከመ የለምና።

የ2002ቱ እትም ይህን በጠንካራ መንገድ ያሳያል። በዚያ እትም የተገደለው ዞምቢ አስከሬን ካልተቃጠለ ወይም ጭንቅላቱ ካልፈረሰ ከጊዜ በኋላ ከፊተኛው ይልቅ ፈጣንና ጨካኝ ሆኖ ይነሣል። ለማቃጠል ነጭ ጋዝና ላይተር ያስፈልጋል፤ ጋዙ ውስን ነው፤ ዕቃዎቹም ከዚያ ጠባብ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ይወስዳሉ። እንግዲህ ዛሬ መተላለፊያውን ያጸዳ መስሎት የሄደ ሰው ከሰዓታት በኋላ በዚያው ሲያልፍ የተወውን ሥራ ቆሞ ያገኘዋል። ይህን አሥር ሴኮንድ ማጠንጠን አያድነውም። ከሩቅ ቀድቶ ያስቀመጠውን ሁኔታ የሚያወጣ ሰው ግን ያመልጣል፤ ሲያመልጥም ሥራ ውጤት እንዳለው የሚናገረውን የጨዋታውን ድምፅ ዘግቶ ነው።

ይኸው እትም የቀድሞ ተጫዋቾችን ትዝታ ራሱን መጫወቻ አድርጎታል። በ1996ቱ ጨዋታ ውሾች የመስኮት መስታወት ሰብረው ዘለው የሚገቡበት መተላለፊያ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነበር። በ2002 ያንን መተላለፊያ በፍርሃት የሚያልፍ አሮጌ ተጫዋች የሚሰማው የመስታወት መሰንጠቅ ብቻ ነው። ውሾቹ በዚያ ሰዓት አይመጡም። አውቃለሁ ያለ ሰው ባለማወቅ ይቀጣል። ወደ ኋላ ተመልሶ መጫወት ዋጋ የሚኖረው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ቤቱ ያው ቤት ሆኖ ሳለ እንግዳው ተለውጧልና።

«ሳይለንት ሂል 2» ደግሞ ነገሩን ወደ ጥልቅ ይወስደዋል። ጄምስ ሰንደርላንድ ከሞተች ሚስቱ ከሜሪ ደብዳቤ ደርሶት ወደ ከተማዋ ይመጣል። ጨዋታው ከአንድ በላይ መደምደሚያ አለው፤ የትኛው እንደሚደርስ የሚወሰነው ግን ተጫዋቹ በምርጫ ሰሌዳ ላይ በሚነካው ብቻ አይደለም። ሲቆስል ራሱን ቶሎ ያክማል ወይስ ቁስሉን ችላ ይላል? ከያዛቸው ዕቃዎች መካከል የትኛውን እያወጣ ይመለከታል? ጨዋታው ይህን ሁሉ በዝምታ ይታዘባል፤ እየታዘበ መሆኑንም አይናገርም። ሰው ማንነቱ የሚታወቀው ማንም አያየኝም ባለ ጊዜ በሚያደርገው ነው። የተመቸውን መደምደሚያ አስቀድሞ አንብቦ፣ ወደ ኋላ እየተመለሰ ያንን የሚሠራ ሰው የሚያየው የሌላ ሰው መልክ ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በቀላሉም ልናልፈው አይገባም። በፈረቃ የሚሠራ፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚያርፍ፣ ያንንም ቀን ለወረፋና ለልብስ ማጠቢያ የሚከፍል ሰው የሃያ ደቂቃ ጉዞው በአንድ ንክሻ ከንቱ ሲሆንበት፣ ጨዋታው ጊዜውን ሰረቀው እንጂ አስተማረው ማለት ይቻላልን? ለዚህ ሰው ሃያ ደቂቃ ትልቅ ሀብት ነው። መልሴ ማስተኛቱ የተፈጠረው ለዚህ ሰው ነው የሚል ነው። የድሮው ተጫዋች ወደ ሥራ ሲጠራ መሣሪያውን እንደበራ ትቶ ይሄድ ወይም ሁሉን ያጣ ነበር፤ የዛሬው አያጣም። በጨዋታው ውስጥ የጠፋው ሃያ ደቂቃም ከንቱ አይደለም፤ ቤቱን ተምሮበታል። ሁለተኛ ሲገባ ያው መንገድ ስምንት ደቂቃ ይበቃዋል። የእነዚህ ቤቶች አሠራር እንዲህ ነው፤ እውቀት ራሱ ከጥይት የሚበልጥ ስንቅ ይሆናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ አሮጌዎቹ ጨዋታዎች አንዳንዴ ፍርደ ገምድል ናቸው የሚል ነው። እውነት አለበት። ገጸ ባሕርይውን እንደ ታንክ እያዞሩ መንዳት ለለመደው ይቀላል፤ አዲስ ለሚጀምር ግን ጣት ያስራል፤ ካሜራው በድንገት ሲለወጥም አቅጣጫ ይጠፋል። ነገር ግን መፍትሔው ማጠንጠን አይደለም። በ2015 የወጣው የታደሰው እትም አዲስ የአነዳድ ስልት ጨምሯል፤ ቀለል ያለ የአጨዋወት ደረጃም አለው። ቀላሉን ደረጃ መምረጥ የሚያሳፍር ነገር የለውም። በቀላሉ ደረጃ ዋጋው ይቀንሳል፤ ዋጋ መሆኑ ግን አይቀርም፤ ተጫዋቹም የተስማማበትን ሕግ እስከ መጨረሻ ይጠብቃል። ማጠንጠን ግን ዋጋውን ፈጽሞ ይሽረዋል። በገበያ ዋጋ አስቀንሶ መግዛትና ዕቃውን ሳይከፍሉ አንሥቶ መሄድ አንድ አይደሉም።

ለማን አይሆኑም

ስለ እነዚህ ጨዋታዎች በጎ መናገር ለሁሉም ይሁኑ ማለት አይደለም። የተሠሩት ለአዋቂዎች ነው፤ በአሜሪካው የደረጃ ምደባም 17 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ተብለው ተመድበዋል። መሣሪያው ትንሽ መሆኑ ወላጅን ሊያዘናጋ አይገባም። በቴሌቪዥን ላይ ቢሆን ከማዕድ ቤት የሚሰማው ጩኸት ወላጁን ይጠራው ነበር፤ በማዳመጫና በመዳፍ ሲሆን ግን ልጁ ከጎኑ ተቀምጦ ምን ቤት ውስጥ እንደገባ አይታወቅም። መሣሪያው የዕድሜ ገደብ ማበጃ አለው፤ መጠቀም ይገባል።

እንዲሁም የእውነቱን ያየ ሰው አለ። ጦርነት፣ የበረሃ መንገድ፣ የተዘጋ በር በእውነት የደረሰበት ሰው በጨዋታ ውስጥ ያለ የተዘጋ በር ላይጣፍጠው ይችላል። የሚያዝናናው ፍርሃት ደኅና ቦታ ላይ ተቀምጦ የሚፈራ ፍርሃት ነውና፣ ያ ቦታ በልቡ ውስጥ ገና ያልተገኘለትን ሰው ፈሪ ብሎ መሳለቅ ነውር ነው። አልፈልግም ካለ ይበቃል። ክፍል የሚጋሩም ቢሆኑ ድምፁን በማዳመጫ፣ ብርሃኑን በዝቅታ ይያዙ፤ ማለዳ ለሥራ የሚነሣ ጎረቤት የሌላውን ዞምቢ ሲሰማ ማደር የለበትም።

ከየት ይጀመር?

መመለስ ለሚፈልግ፣ ወይም ያኔ ሳይጫወት ያለፈው ካለ፣ ከ2002ቱ «ሬዚደንት ኢቭል» እንዲጀምር እመክራለሁ። በስዊች ላይ ያለው እትም ነገሩን በትክክለኛው ቦታ አስቀምጦታል፤ መሣሪያው ሲያስፈልግ ይተኛል፤ ጨዋታው ግን ወደ ኋላ አይጠነጠንም፤ መዝገቡም በጽሕፈት መኪናው ላይ ብቻ ነው። ጂልን ይምረጥ፤ ስምንቱ ቦታ ለጀማሪ ከስድስቱ ይሻላል። ካርታውን ያንብብ፤ ደብዳቤዎቹን አይዝለል። ያገኘውን ሁሉ ለመግደል አይሞክር። ከዚያ በኋላ ወደ ጭጋጉ ከተማ ይሂድ። አሮጌዎቹን እትሞች በሚያስኬድ ፕሮግራም የሚጫወት ከሆነ ደግሞ የማጠንጠኛውን ቁልፍ ከመጀመሩ በፊት ያጥፋው፤ በመተላለፊያው መካከል ቆሞ ፈተናውን መቋቋም ይከብዳልና።

የዘመናችን መሣሪያዎች ሁሉን እንድንይዝ፣ ምንም እንዳንመርጥ፣ የመረጥነውንም እንድንሽር ያለማምዱናል። እነዚህ አሮጌ ቤቶች ግን ስድስት ወይም ስምንት ቦታ ያለው ሻንጣ፣ እፍኝ የማይሞላ ጥይት፣ ጥቂት የቀለም ሪባን ሰጥተው በሩን ይዘጋሉ። ይህን ሥርዓት ተቀብሎ የሚጫወት ሰው መጨረሻ ላይ ንጋቱን ሲያይ የተረፈው በሪባኑና በጥይቱ ቁጠባ መሆኑን ያውቃል፤ ደስታውም የእርሱ ነው። በጨዋታ ውስጥ እንኳ ቢሆን፣ ያለውን ጥቂት አስቦ ያወጣ ሰው የሚያገኘውን ያንን ደስታ በአንድ ቁልፍ አንሽጠው።